ወንድሜ የሚወደው ፊልም እንቅልፍ ይጥለኛል

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እያስጨነቀኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ፍራንክፈርት ነው። ፊልም ያስወደደኝ እሱ ነው። ልጆች ሆነን ከቪዲዮ ቤት ካሴት ተከራይቶ ይመጣና እናታችን እስክትቆጣን ድረስ እናያለን። ከሄደ በኋላም አልተውነውም። እሱ አንድ ፊልም ይመርጣል፣ እኔ እዚህ አየዋለሁ፣ እሑድ ስንደዋወል እናወራበታለን። ዘንድሮ «ሜትሮፖሊስ» የሚባል ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም መረጠልኝ። እሱ እዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ኦርኬስትራ ፊት ለፊት እየተጫወተ አይቶት አልቅሷል። «ይህን ያላየ ሲኒማ አየሁ አይበል» ይላል።

እኔ ግን አልቻልኩም። ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከአዳር ስመለስ ነው በስልኬ የምከፍተው፤ ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁትን። ሰዎቹ ይቻኮላሉ፣ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ታሪኩ ይምታታብኛል። ያ ሳይንቲስት ያን ሁሉ ክፋት ለምን እንደሚሠራ አይገባኝም። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ደግሜ እሞክራለሁ፣ ያው ነው። በአእምሮዬ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትልቅ ሰዓት የመሰለ ማሽን ፊት ቆሞ እጆቹን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ።

ወንድሜ በየእሑዱ «አየሽው?» ይለኛል። «ሥራ በዝቶብኝ» እለዋለሁ። አሁን ለገና ሊመጣ ነው። አብረን እናየዋለን ብሎ ደስታው ሌላ ነው። እውነቱን ብነግረው ቅር እንዳይለው እፈራለሁ። ውስጤ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ዓለም ሁሉ ድንቅ ያለውን ነገር እኔ ካልወደድኩት ጉድለቱ የኔ ይሆን? ሲኒማ የምወድ መስሎኝ ነው እንጂ የወደድኩት ከወንድሜ ጋር መቀመጡን ብቻ ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ። አንዱ የፊልሙ ነው፣ ሌላው የወንድምሽ። የሚከብድሽ ሁለተኛው እንደሆነ ይሰማኛል። ግን በፊልሙ ልጀምር፤ እሱ ሲቀልልሽ ሌላውም ትንሽ የሚቀል ይመስለኛል።

ጉድለት ያልሽውን ነገር መጀመሪያ ከላይሽ አውርጂው። «ሜትሮፖሊስ» በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 ነው። ያኔም ሁሉም አጨብጭቦ አልተቀበለውም። የሳይንስ ልብ ወለድ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ክፉኛ አብጠለጠለው። እንዲህ ያለ ቂላቂል ፊልም የለም እስከ ማለት ደረሰ። በኋላ ራሱ ዝነኛ ዳይሬክተር የሆነው ስፔናዊው ሉዊስ ቡኑኤልም ስለ ፊልሙ ሲጽፍ አንድ ሳይሆን ሆዳቸው የተጣበቀ ሁለት ፊልሞች ናቸው አለ። ምስሉን አደነቀ፣ ታሪኩን ጠላ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ነው። በስተርጅናው ፊልሙን ብዙም እንደማይወደው ራሱ ተናግሯል። በተለይ «በአእምሮና በእጅ መካከል አስታራቂው ልብ ነው» የሚለውን የፊልሙን መልእክት ተረት ነው ብሎ ነበር።

ይኸው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ድንቅ ያሉትም፣ ቂላቂል ያሉትም ሲኒማ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔም ብሆን መጨረሻው አይዋጥልኝም። ያ ሁሉ በደል፣ ያ ሁሉ ጎርፍ ካለፈ በኋላ አሠሪውና ሠራተኛው ካቴድራል ደጃፍ ላይ ተጨባብጠው ሲታረቁ ነገሩ በጣም ይቀልብኛል። ምስሎቹን ግን እወዳቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን በጣም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያየሽው ቅጂ ርዝመቱ ስንት ነው? ስልክሽን አንሺና እይው።

ይህን የምለው ታሪኩ ይምታታብኛል ስላልሽ ነው። ጥፋቱ የቅጂው ሊሆን ይችላልና። በርሊን ላይ የታየው ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን በአሜሪካም በጀርመንም ቆራረጡት። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ተጥሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠፍቶ ቀረ። ከተጣለው ውስጥ ሄል የምትባለው ሴት ታሪክ አለ። ሄል ሁለት ሰዎች የወደዷት ሴት ናት። አንዱ ሳይንቲስቱ ሮትቫንግ ነው፤ ሁለተኛው ታሪኩ የሚካሄድባት ከተማ ጌታ ዮህ ፍሬደርሰን። እሷ ፍሬደርሰንን አገባች፤ ልጃቸውን ፍሬደርን ስትወልድ ሞተች። ሮትቫንግ ሐዘኑ አልወጣለትም። ሐውልት አቆመላት። ያንን የብረት ሰው፣ ሮቦቱን፣ የሠራውም የሞተችበትን ሴት መልሶ ለማግኘት ነው። በኋላ ፍሬደርሰንን ለማጥፋት የሚነሳውም በዚሁ ቂም ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተቆረጠበትን ቅጂ አይተሽ ሳይንቲስቱ ለምን ክፉ ሆነ ብትዪ ጥያቄሽ ትክክል ነው። መልሱ መቀስ በልቶት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 አርጀንቲና ውስጥ፣ በቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም፣ ረጅሙ ቅጂ ተገኘ። ከጠፋው ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰ። በ2010 ታድሶ በርሊንና ወንድምሽ በሚኖርበት ፍራንክፈርት በአንድ ምሽት ታየ። ያንቺ ቅጂ ሁለት ሰዓት ካልሞላ አጭሩን ነው ያየሽው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ረጅሙ ላይ ምስሉ ድንገት በጭረት ይሞላል፣ ጠርዙም ይጠብባል። ያ ከቦነስ አይረስ የመጣው ክፍል ነው። እዚያ ጋ ስትደርሺ ነቃ በዪ፤ ሰማንያ ዓመት ያህል ጠፋ ሲባል የኖረ ነገር ነው የምታዪው።

ሙዚቃውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድምፅ አልባ ይባል እንጂ ያለ ሙዚቃ እንዲታይ የተሠራ ፊልም አይደለም። ጎትፍሪድ ሁፐርትስ የሚባል አቀናባሪ ለዚሁ ፊልም ብሎ ለሙሉ ኦርኬስትራ ጽፎለታል። ማሽኖቹ ሲንቀሳቀሱ ሙዚቃው አብሮ ይመታል። ሠራተኞቹ ሲያምፁ የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ብቅ ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ ቅጂዎች ግን ይህ ሙዚቃ የላቸውም። የጫነው ሰው ደስ ያለውን ዜማ ለጥፎበት ይሆናል፤ ከሚታየው ጋር ምንም አይገናኝም። ወንድምሽን ያስለቀሰው ፊልምና አንቺን ያስተኛሽ ፊልም ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ እኩል አይደሉም። እሱ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከሙዚቀኞች ጋር ነው ያየው። አንቺ በእጅሽ መዳፍ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ ካነጋሽ በኋላ። ከአዳር የወጣ ሰው እንኳን የድሮ ፊልም ይቅርና የራሱ ሰርግ ላይም እንቅልፍ ቢጥለው አይፈረድበትም።

ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ ያልሽው እውነት ነው። ፍሬደር የሚሆነው ተዋናይ አንዳንዴ እኔንም ይበዛብኛል። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል አይተሻል አይደል? እዚያ ማንም አይናገርም። ታሪኩን የምናውቀው ከእጅና ከዓይን ነው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ይሳላል። ይህን ፊት ማንበብ ማንም አላስተማረንም፤ እያየን ነው ያደግነው። አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሽና ብሪጊተ ሄልም የምትባለውን ተዋናይት ብቻ ተመልከቺ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የነበረች፣ የመጀመሪያ ፊልሟን የምትሠራ ልጅ ናት። ሠራተኞቹን የምታጽናናውን ደጓን ማሪያንም፣ ከብረቱ ሰው በእሷ አምሳል የተሠራችውን ሐሰተኛዋንም የምትጫወተው እሷው ናት። ልብሱና ፀጉሩ ያው ነው። ልዩነቱ ፊቷ ላይ ነው። ደጓ ቀጥ ብላ በሁለት ዓይኗ ታያለች። ሐሰተኛዋ አንዱን ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ፊቷን ታጣምማለች። አንድም ቃል ሳትሰሚ የቷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። እኔ ፊልሙን መውደድ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። አንቺ ሌላ ቦታ ትጀምሪ ይሆናል፤ ወይም የትም አትጀምሪ ይሆናል።

መቻኮሉን በተመለከተ፣ የዚያ ዘመን ካሜራ ፍጥነት እንደ ዛሬው ወጥ አልነበረም። 24 ምስል በሰከንድ የሚለው ልክ የጸናው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የድሮ ፊልሞች ላይ እንቅስቃሴው ትንሽ ይፈጥናል። ቆየት ካልሽ ዓይንሽ ይለምደዋል።

አሁን ወደ ሰውዬሽ እንምጣ። ሰዓት የመሰለው ማሽን ላይ ወዳለው።

ስሙ ጊዮርጊ ነው፤ ቁጥሩ 11811። ከተማዋ ውስጥ ሠራተኛ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ማሽኑ ላይ አምፖል በበራ ቁጥር እጁን ወደዚያ ማድረስ አለበት፤ አንድ ፈረቃ 10 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ሲዝል የከተማዋ ጌታ ልጅ ፍሬደር ያገኘዋል፣ ደግፎ ይይዘዋል፣ ልብሱን ተለዋውጦ ቦታውን ይተካለታል። ከዚያ የሀብታሙ ልጅ ራሱ እዚያ ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ «አባቴ! አሥር ሰዓት መቼም አያልቅም?» ብሎ ይጮሃል።

አንቺ ነርስ ነሽ። ሌሊቱ አላልቅ ሲል ሰዓት አይተሽ ታውቂያለሽ። የደውል መብራት ሲበራ ተነስተሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ። ከፊልሙ ሁሉ ያ ሰውዬ ብቻ አእምሮሽ ውስጥ የቀረው ለምን ይመስልሻል? ይህን የምጠይቅሽ ልፈትንሽ አይደለም። ማንም «ይቺን ቦታ ልብ በዪ» ብሎ አልነገረሽም። ወንድምሽም ስለ እሱ ያወራሽ አይመስለኝም። እንቅልፍ ጨፍኖሽ ሳለ ከሁሉ መርጠሽ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ። ፊልሙ ሲጀምር የፈረቃ ቅያሬ አለ፤ ካልተኛሽ አይተሽዋል። የሚገቡትም የሚወጡትም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት። የሚወጡት ግን እርምጃቸው ከሚገቡት በግማሽ ያህል የዘገየ ነው። ከአዳር ስትወጪ ከሆስፒታሉ በር ላይ ተረካቢዎቹን ስታልፊያቸው ምን ይሰማሻል? ወንድምሽ ይህን ከማንም ሊሰማው አይችልም፤ ካንቺ በቀር።

ስለዚህ ለወንድምሽ ምን ትዪዋለሽ?

«ሥራ በዛብኝ» ያልሽው ውሸት አይደለም፤ በዝቶብሻል። ግን እየደጋገምሽው ስትሄጂ የእሑዱ ስልክ እየከበደሽ መጥቷል። ቀድሞ የምትናፍቂውን ስልክ አሁን የምትፈሪው ከሆነ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፊልሙ ለገና ባይታይም ችግር የለውም። እሑድ ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

እስከ ገና አትጠብቂ። የሚመጣው እሑድ ላይ ንገሪው። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ታሪኩም አልገባኝም። ያ የሰዓቱ ሰውዬ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንተ ያለቀስከው የቱ ጋ ነው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለያት። አልቅሻለሁ ያለሽ ሰው ነው። ምን እንዳስለቀሰው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ንግግራችሁ «አየሽው?» እና «አላየሁም» ላይ ቆሟል። ሰው አገር ብቻውን ሲኒማ ቤት ገብቶ ያለቀሰ ወንድም ያስለቀሰው ፊልሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት አጠገቡ የሚያወራው ሰው ፈልጎ ይሆናል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቅር ቢለውስ? ለአፍታ ሊለው ይችላል። የምንወደውን ነገር ሌላው ሲያዛጋበት ትንሽ ያማል። ግን ልጅ ሆናችሁ ስታዩ በፊልም አትጨቃጨቁም ነበር? የሱን ምርጫ ሁሉ ወደድሽ? «ይሄ አይረባም» ብለሽው አታውቂም? ያኔ ካልሽው ዛሬም ማለት ትችያለሽ። «ይህን ያላየ ሲኒማ አየሁ አይበል» የሚለውንም እንደ ፍርድ አትስሚው። ሰው በጣም ሲወድ እንዲህ ይናገራል። ካስከፋሽ ግን እሱንም ንገሪው፤ በቀልድ ሳይሆን በግልጽ።

አሁን መጨረሻ ላይ ወዳልሽው። ሲኒማ የምወድ መስሎኝ ነው እንጂ የወደድኩት ከወንድሜ ጋር መቀመጡን ይሆን ብለሻል። ደብዳቤሽን ሳነብ የቆየሁት እዚህ ላይ ነው። እስቲ አስቢው፦ እሱ ሳይመርጥልሽ፣ ለእሱ ለመንገር ሳታስቢ፣ ለብቻሽ አይተሽ የወደድሽው ፊልም አለ? ካለ የትኛው ነው? ለምን አልነገርሽውም? ከሌለም አትደንግጪ። ምናልባት እስካሁን መራጩ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው ወር አንቺ ምረጪ። እሱ ፍራንክፈርት ሆኖ ያንቺን ፊልም ይይ። የአማርኛም ይሁን የሕንድ፣ ያንቺ ይሁን። ላይወደው ይችላል፤ ያኔ የወደዱት ነገር ሳይወደድ ሲቀር ያለውን ስሜት አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሱም ያንቺን ቦታ ያየዋል።

ስለ ገናው እንግዲህ ይህን ልምከርሽ። ከዚያ በፊት ለዓይንሽ ማለማመጃ አንድ አጭር ድምፅ አልባ ፊልም እይ። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1921 የሠራው «ዘ ኪድ» አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። የተጣለ ሕፃን የሚያሳድግ ድሃ ሰው ታሪክ ነው። ልጁን ሊወስዱበት ሲመጡ ያለውን ቦታ ለማልቀስ ኦርኬስትራ አያስፈልግሽም። እሱን ከወደድሽው ችግሩ ድምፅ አለመኖሩ አልነበረም ማለት ነው፤ ችግሩ «ሜትሮፖሊስ» ራሱ ወይም ያየሽበት ሁኔታ ነበር። ካልወደድሽውም የሚፈርድብሽ የለም።

ወንድምሽ ሲመጣ የ2010ሩን ቅጂ በሁፐርትስ ሙዚቃ ይዞልሽ እንዲመጣ ንገሪው። እዚያ በዲስክ ይሸጣል። ቤት ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ክፈቱት፤ ድምፁን ለመክፈት ስፒከር ከጎረቤት ብትዋሱ እንኳ አይቆጭም። በአንድ ቁጭታ እንጨርሰው አትበሉ። ፊልሙ ራሱ ሦስት ክፍል ነው፦ መግቢያ፣ መሀል ጣልቃ እና ማዕበል እንበላቸው። የመጀመሪያው ክፍል ረጅሙ ነው፤ ሲያልቅ ጽሑፍ ወጥቶ ይነግራችኋል። እዚያ አቁሙ። ቡና ይፈላ፣ ይወራ። ሄል ማን እንደሆነች፣ ሮትቫንግ ለምን እንዳበደ ያኔ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ መቀጠልና አለመቀጠሉን አንቺ ወስኚ። በቃኝ ካልሽ በቃሽ። ወንድምሽ ቀሪውን ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል፤ ወይም መጨረሻውን በአፉ ይንገርሽ። እንደ ድሮ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድመሽ አመቻቺ። በገና ዕለት አታድርጉት፤ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያይም። ከበዓሉ በኋላ ባለ አንድ ከሰዓት ላይ አድርጉት። የተረኛ ፕሮግራም ሲወጣ ያን ዕለት አዳር ወጪ እንዳትሆኚ ከወዲሁ ከባልደረቦችሽ ጋር ተለዋወጪ።